ከኋላ ያለው የማኒፎልድ ስታድ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበረብኝ፣ ምን ዓይነት ዳዶና ሮንዴላ ልጠቀም?

የሐረጎ ሹፌር
ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ዱቄትና ሲሚንቶ ወደ ደሴ እጭናለሁ። መኪናዬ አሮጌ ኢሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ናት። ችግሬ ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚሰበስበው የኤግዞስት ማኒፎልድ ስታድ ነው፣ ያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ገብቶ ዳዶ የሚታሰርበት ጭንቅላት የሌለው ብሎን። ከኋላ በኩል ያለው የመጨረሻው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄደብኝ። መጀመሪያ ሲሰበር የወሰድኩበት ጋራዥ ከሙሉ ጥርስ ዘንግ ቆርጠው አስገቡልኝ፣ ሁለት ወር አልቆየም። ሁለተኛው ትንሽ ሻል ብሎ ነበር፣ እሱም ባለፈው ሳምንት 35 ኩንታል ጭኜ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጠቅ አለና አለቀ።

ጠዋት ሳስነሳት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ ስትሞቅ ድምፁ ይቀንሳል። አራተኛው ሲሊንደር አጠገብ ቴስታታው በጥላሸት ጠቁሯል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ጭሱ ነው። የኤንፒአር ሞተር ከካቢናው ሥር ስለሆነ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። ረዳቴ ገና ልጅ ነው፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ ራሴን አመመኝ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ሁሉንም ስታዶች ልቀይር ቆርጫለሁ። የቀሩትም ዝገው ዳዶውና ስታዱ አንድ ብረት መስለዋል። ሳልሰብር እንዴት ላውጣቸው? ደግሞስ ምን ዓይነት ዳዶና ሮንዴላ ነው የሚሻለው? አንዱ ነሐስ ይለኛል፣ ሌላው ስቴንለስ። ግራ ገባኝ።

ጦሳ ሥር
ወንድሜ ስቴንለስ አስገባ፣ ስታዱንም ዳዶውንም። አይዝግም፣ ጣጣ የለውም። እኔ ቤት በር ላይ ያሠራሁት ይኸው ስንት ዓመቱ።

ቶርኖ ቤት
ጦሳ ሥር፣ አክብሬህ ነው የምናገረው፣ የቤት በርና ኤግዞስት አይገናኙም። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲታሰር ጥርሱ እርስ በርሱ ይናከሳል። ደረቁን ከሆነ እጅህ ላይ እያለ፣ ገና አጥብቀህ ሳትጨርስ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መቁረጥ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ቶርኖ ላይ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ፣ በዚህ ምክንያት ቴስታታ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ግድ ስቴንለስ ከሆነ ስታዱና ዳዶው የተለያየ ዓይነት ይሁኑ፣ የማይጣበቅ ቅባትም ይቀባ።

ሐረጎ፣ አንተ ግን ስለ ዳዶ ከማሰብህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ማግኔት ቴስታታው ላይ አስጠጋ። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። አወጣጡ በዚህ ይለያያል። ብረት ከሆነ በኦክሲጅን እሳት በስታዱ ዙሪያ ያለውን ደህና አድርገህ ማሞቅ ትችላለህ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን ጠንቀቅ ነው፣ 660 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፣ ደህና ነው ስትል ድንገት ይፈስሳል።

ማታ ማታ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ርጭበት። ሱቅ የሚሸጠውን ካላገኘህ የካምቢዮ ዘይት፣ የአውቶማቲኩን ማለቴ ነው፣ ከአሴቶን ጋር እኩል ቀላቅለህ ተጠቀም፣ በደንብ ይሠራል። አሴቶን እሳት ስለሚስብ ሞተሩ በርዶ፣ እሳትም ሲጋራም አጠገብህ ሳይኖር ይሁን። ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ ግን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ጥርሱን አሳይ፣ ዝገት ላይ ዘይት ብታፈስ ወደ ውስጥ አይገባም።

ስትፈታ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀም። 12 ማዕዘን ያለው የዛገ ዳዶ ላይ ይሸራተታል፣ ከዚያ ዳዶው ክብ ይሆንብሃል። እምቢ ሲል አትታገለው። ትንሽ አጥብቅ፣ ትንሽ ፍታ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ትንሽ አጥብቅ። ስታድ የሚሰበረው በዝገት ብቻ አይደለም፣ በችኮላም ነው።

መለዋወጫ ሰኞ ገበያ
እኔ ደሴ መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ ብሎንና ዳዶ ከሌላው ዕቃ ይበልጥ ነው የምሸጠው። ሹፌሮች ሲመጡ "10 ቁጥር ስታድ ስጪኝ" ብቻ ይላሉ። እባካችሁ የወጣውን ይዛችሁ ኑ። ስብርባሪም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።

የጃፓን መኪኖች ላይ 10 ሚሊ የሆነው ብዙ ጊዜ ጥርሱ 1.25 ነው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ግን 1.5 ነው። ዓይን አይለየውም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይጠነክራል፣ ሜካኒኩ የዛገ መስሎት በመፍቻ ይገፋዋል፣ የቴስታታው ጥርስ ተላጨ ማለት ነው። የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አጣምሯቸው፣ ብርሃን በመካከላቸው ካለፈ አይገጥምም።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ዳዶ ላይ 8፣ ብሎን ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የፊተኛው 8 ብረቱ ለመበጠስ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ይፈልጋል ማለት ነው። ነጥብ 8 ደግሞ ከዚያ 80 በመቶው ላይ ሲደርስ መለጠጥ ይጀምርና ወደ ቦታው አይመለስም ማለት ነው። ያ ሙሉ ጥርስ ዘንግ ምንም ካልተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ 4.6 ወይም 4.8 ነው፣ ማለትም ግማሹ። ለቆርቆሮ ማሰሪያ ይሆናል፣ ለማኒፎልድ አይሆንም። ሐረጎ፣ የመጀመሪያው ስታድህ ለምን ሁለት ወር እንዳልቆየ ይኼ ነው።

ውስጡ ናይለን ቀለበት ያለበትን ዳዶ ለኤግዞስት ስትጠይቁኝ አልሸጥም። ናይለኑ 120 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሥራውን ያቆማል፣ ማኒፎልድ ደግሞ ዳገት ላይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሞቃል። ስፕሪንግ ሮንዴላም እንደዚያው ነው፣ ሙቀቱ ጉልበቱን ይወስድበትና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። የሚያብረቀርቀው ዚንክ የተቀባም ብዙ አያስጎምጃችሁ፣ ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

የሐረጎ ሹፌር
እህቴ ኑሪልኝ። ስለ ጥርሱ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ማግኔቱን አስጠጋሁት፣ ቴስታታው ጥርቅም አድርጎ ያዘው፣ ብረት ነው። ዘይቱን ሦስት ቀን ረጨሁ። ዛሬ ጀመርኩ። አምስቱ በእርጋታ ወጡ፣ አንዱ ዳዶው አልፈታ ብሎ ስታዱን ራሱን ይዞ ወጣ፣ እሱም ደህና ነው። ከፊት ያለው የመጀመሪያው ግን ተሰበረብኝ፣ 5 ሚሊ ያህል ብቅ ብሎ ቀርቷል። ከኋላ ያለው የድሮው ስባሪ ደግሞ ከቴስታታው ጋር እኩል ነው፣ ምንም የሚያዝ የለውም። አንድ ልጅ ትራፓኖ ይዞ መጥቶ ልብሳው አለኝ፣ እጄ አልፈቀደልኝም።

ብየዳ ፒያሳ
አብሽር ወንድሜ፣ አላስበሳም ብለህ ጥሩ አድርገሃል።

ብቅ ያለውን እንዲህ አድርገው። ዳዶ አልብሰውና በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ ከስታዱ ጋር በየደው። ከዚያ እስኪቀላ ይሞቃል፣ ይተውና ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ሞቅ እያለ በመፍቻ ወዲያ ወዲህ አነቃንቀው። ብየዳው ራሱ ነው ሥራውን የሚሠራው፣ ስታዱ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ በዚህ መሀል የዝገቱ መያዣ ይሰነጠቃል። አንዴ ካልሆነ ሁለቴ ሦስቴ ይበየዳል። ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ሞቆ ሳለ ሻማ ብታስጠጋበት ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ይሳባል፣ ይኼን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

እኩል የሆነውን ደግሞ መጀመሪያ ላዩ ላይ ነጥብ በነጥብ እየበየድክ ታሳድገዋለህ፣ ከቴስታታው ከፍ ሲል ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ቴስታታው ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ ብየዳው ስታዱን እንጂ ቴስታታውን ቶሎ አይዝም፣ እጅህ ከተረጋጋ።

ሁለት ነገር አደራ። የባትሪውን ገመድ አውልቅ። የምትበይደው ዳዶ ዚንክ የሌለው ይሁን። የዚንክ ጭስ ስትተነፍስ ማታ ወባ የያዘህ ይመስል ያንቀጠቅጥሃል፣ በር ከፍተህ ሥራ።

ጦሳ ሥር
ስባሪ ማውጫ የሚባለው የግራ ጥርስ ያለው ነገርስ? እሱን በስቶ ማስገባት አይቀልም?

ቶርኖ ቤት
ለላላ ነገር ይሠራል። ለዛገ የኤግዞስት ስታድ አልመክርም። ማውጫው ከስታዱ ይልቅ ጠንካራና ተሰባሪ ነው። ውስጥ ከተሰበረ የትኛውም ፑንታ አይበሳውም፣ አንድ ችግር የነበረው ሁለት ይሆናል።

መብሳት ግድ ከሆነ መሀሉን አጥርቶ መምታት ነው ዋናው። አንድ ሚሊ ከመሀል ከወጣ ፑንታው ወደ ለስላሳው ይሸሻል። ለ8 ሚሊ በ1.25 ጥርስ 6.8 ፑንታ፣ ለ10 ሚሊ በ1.25 ደግሞ 8.8 ፑንታ ነው፣ ከዚያ በታፕ (በጥርስ ማውጫ) ጥርሱን ማጽዳት። ጥርሱ ከተላጨ ሄሊኮይል (ከሽቦ የተጠመጠመ ምትክ ጥርስ) ይገባል፣ በትክክል ከገባ ከመጀመሪያው አይተናነስም።

የባቲ መንገድ
ሁላችሁም ስለ ብሎን ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሹፌር ነኝ፣ ከጅቡቲ መስመር ብዙ ዓመት አለሁ፣ የምጠይቀው ሌላ ነው። ለምን ሦስቴም ያው ስታድ? ብረቱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ መሀል ያለው ለምን አልተሰበረም? ሐረጎ፣ ቁልቁለት ስትወርድ የሞተር ፍሬንህ እንዴት ነው?

የሐረጎ ሹፌር
ጋሼ፣ አሁን ሲሉኝ ነው ያስተዋልኩት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ድሮ ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ የሞተር ፍሬኑን ስይዝ ቀጥ ብላ ትወርድ ነበር። አሁን ትሄዳለች፣ እግሬን ከፍሬን ላይ ማንሳት አልችልም። እኔ ቫልቩ የላላ መስሎኝ ነበር።

የባቲ መንገድ
ቫልቩ አይደለም። የሞተር ፍሬን ኤግዞስቱን ዘግቶ ጭሱን ማኒፎልዱ ውስጥ ያፍነዋል፣ ያ ግፊት ነው ሞተሩን የሚይዘው። ማኒፎልድህ ከጎኑ ከተነፈሰ የሚታፈን ነገር የለም። ያን መንገድ ታውቀዋለህ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ከ600 ሜትር በላይ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ፣ ያውም ጠመዝማዛ። ጭነህ ስትወርድ የእግር ፍሬን ብቻ ከቀረህ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። ስለዚህ ይኼ ነገር የድምፅ ጉዳይ አይደለም ልጄ፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። እስኪሠራ ጭነህ አትውረድ፣ ረዳትህም ካቢና ውስጥ ሞተር እየሠራ አይተኛ። ያ ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አብሮት አለ።

ቶርኖ ቤት
የባቲ መንገድ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ። እኔም ከመጀመሪያው ማንሳት ነበረብኝ።

እስቲ እናስላው። ማኒፎልዱ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ከበረደበት 500 ዲግሪ ያህል ከፍ ቢል ወደ 2 ሚሊ ተኩል ይረዝማል። ቴስታታው በውሃ ስለሚበርድ ብዙም አይነቃነቅም፣ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማኒፎልዱ በቴስታታው ላይ ይንሸራተታል። መሀል ያለው ስታድ ምንም አይሰማውም፣ ዳር ያሉት ግን እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ሚሊ ይገፋሉ። ዳርኛው ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ጭጋግ ውስጥ ታቆማታለህ፣ ትቀዘቅዛለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይረዝማል ያጥራል።

ይኼ ሁሉ ሲደጋገም ማኒፎልዱ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፣ ዳሮቹ ከቴስታታው ይርቃሉ። ያን የጎበጠ ካስት አንተ በአንድ ስታድ ጎትተህ ታቃናዋለህ። ስታዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተወጥሮ ነው የሚሠራው። ምንም ዓይነት ብረት ብታስገባ ይሰበራል። ወርቅም ብታስገባ።

ማኒፎልዱን አውርድና ፊቱን አጽዳ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ደፋበት፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ቀጭን ምላጭ) ከሥሩ አስገባ። እኔ ከ0.2 ሚሊ በላይ ከገባ አላሳልፍም።

ጦሳ ሥር
ጓርኒሲዮን (ማኒፎልዱና ቴስታታው መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ሁለት ደርቦ ወይም ሲሊኮን ቀብቶ ማሰርስ? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ብየዳ ፒያሳ
ሲሊኮኑ በሁለት ቀን ይቃጠላል። ቀዩ ለከፍተኛ ሙቀት የተባለውም 300 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያበቃለታል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደግሞ ሲሞቅ ይተኛል፣ ዳዶው ይላላል፣ ያው ወደ ነበርክበት ትመለሳለህ።

የሐረጎ ሹፌር
ወላሂ ቶርኖ ቤት፣ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። መሀል ላይ ማስመሪያው ተቀምጦ ዳር ላይ 0.7 ገባ። ከኋላ በኩል። ከፊት በኩል 0.4። ዓመቱን ሙሉ ገንዘቤን ስታድ ላይ ስጥል ችግሩ ማኒፎልዱ ነበር።

ብየዳ ፒያሳ እንዳልከው ፊተኛው በሁለተኛው ብየዳ ወጣ። የኋለኛው አራት ጊዜ ፈጀ፣ ሻማውም ረድቷል። ጥርሶቹ ተርፈዋል፣ በታፕ አጸዳኋቸው። ማኒፎልዱን ነገ ሞተር ሬክቲፊካ ቤት ወስጄ ፊቱን አስፈጫለሁ።

አሁን እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ዳዶና ሮንዴላ?

ቶርኖ ቤት
ፊቱ ሲፈጭ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ መግቢያ በአንድ ላይ ይፈጭ እንጂ አንድ በአንድ አይሁን። ስንጥቅ ካለም ያኔ ይታያል።

ስታዱ፦ የመኪናውን የራሱን ካገኘህ እሱን ግዛ፣ ለሙቀት ተብሎ የተሠራ ነው። ካላገኘህ ክሮምና ሞሊብዲነም ካለበት ብረት በቶርኖ ይወጣል፣ የምታሠራበትን ቤት "ከምን ብረት ነው?" ብለህ ጠይቅ፣ የማይመልስልህን ተወው። ከፌሮ የወጣ ስታድ አይቻለሁ፣ የሰው ገንዘብ ማባከን ነው። 12.9 ደግሞ የተሻለ እንዳይመስልህ፣ ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ ነው፣ በሙቀት ጥንካሬው ይሄዳል።

ዳዶው ከስታዱ ለስለስ ያለ ይሁን። የሆነ ቀን አንዱ መጎዳቱ አይቀርም፣ የሚጎዳው ዳዶው ይሁን። ነሐስ አይዝግም፣ ከስታዱ ጋርም አይጣበቅም። በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪኖች ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ረዘም ያለውን ከመረጥክ ጥርሱ አይላጭም። ነገር ግን ሲግል ይለሰልሳል፣ ጭነት ለምትጭን ናፍጣ እኔ መዳብ የተቀባ የብረት ዳዶ እመርጣለሁ። መዳቡ ዝገቱን ይከላከላል፣ ብረቱ ይሸከማል።

ሮንዴላው ወፍራም ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ። ቀጭኑ ወደ ሰፊው ቀዳዳ ይጎብጥና ማኒፎልዱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ስታዱ ረዘም ካለ ደግሞ ከዳዶው ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ቀለበት ላሠራልህ እችላለሁ። ብሎን የሚይዘው ተለጥጦ ነው፣ ረዘም ሲል የመለጠጥ ቦታ ያገኛል፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ አይላላም።

መለዋወጫ ሰኞ ገበያ
መዳብ የተቀባው እኔ ጋ አለ፣ ጥርሱ 1.25 የሆነው። ጠፍጣፋ ሮንዴላውንም ወፍራሙን አስቀምጥልሃለሁ። ስባሪውን ይዘህ ና ብቻ።

የባቲ መንገድ
አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ትኩስ ሆኖ ላቫጆ አታስገባት። ደሴ ስትደርስ ወዲያው ውሃ የሚያስረጩ ብዙ አይቻለሁ። ያ ማኒፎልድ የጎበጠው በዳገቱ ብቻ አይመስለኝም።

የሐረጎ ሹፌር
እውነት ነው ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አደርገው ነበር። ከእንግዲህ አላደርገውም።

ማጥበቂያውስ? በስንት?

ቶርኖ ቤት
የመኪናው መጽሐፍ ያለው ይቅደም። 8 ሚሊ ከሆነ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ 10 ሚሊ ከሆነ 40 አካባቢ ነው የሚውለው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ተዋስ፣ በክንድ አትገምት። ከመሀል ጀምረህ ወደ ሁለቱም ዳር፣ በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ ግማሹን። ስታዱ ቴስታታው ውስጥ ሲገባ በእጅ እስኪቆም ነው፣ ከዚያ ትንሽ ጠበቅ፣ በቃ። ወደ ውሃ የሚዘልቅ ቀዳዳ ካለ ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ቀባ፣ አለበለዚያ ውሃ በስታዱ በኩል ያፈስሳል። በሌሎቹ ላይ የማይጣበቅ ቅባት በስሱ።

ጥቂት ጊዜ ሞቃ ከቀዘቀዘች በኋላ፣ በደንብ በርዳ፣ እንደገና በቶርክ ሬንቹ እለፍባቸው። ትኩስ ላይ አትንካ።

ዶልፊን ኩታበር
ይቅርታ በመሀል ስገባ፣ የኔ ዶልፊን ሚኒባስ ቴስታታው ማግኔት አይዝም። ያው ዘዴ ይሠራል?

ብየዳ ፒያሳ
ዳዶ መበየዱ ይሠራል፣ እንዲያውም አሉሚኒየም ላይ ይበልጥ ይሠራል፣ ብየዳው ቴስታታውን አይዝም። ኦክሲጅኑን ግን አታስጠጋ። ሲወጣም ቀስ በል፣ ጥርሱ ለስላሳ ነው፣ ይዞት ይወጣል።

የሐረጎ ሹፌር
ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ዝም ብዬ እንዳልጠፋ ብዬ ነው። ማኒፎልዱ ተፈጨ፣ ስንጥቅ የለውም ተባልኩ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም ስታድ አዲስ፣ መዳብ የተቀባ ዳዶ፣ ወፍራም ሮንዴላ። ከኋላና ከፊት ዳርኛዎቹ ላይ ቀለበቱን ቶርኖ ቤት ሠርቶልኛል፣ ገንዘብ አልቀበልም ቢለኝም ሰጥቼው ሸሸሁ።

ጠዋት ድምፅ የለም። ረዳቴ ራስ ምታቱ ቆሟል፣ እናቱ ጋ ደውዬ እኔው ነገርኳት። ትናንት ባዶውን ከደሴ ወርጄ ሐረጎ ላይ የሞተር ፍሬኑን ያዝኩት፣ እንደ ድሮዋ ቀጥ ብላ ወረደች። ማታ ቀዝቅዛ ቶርክ ሬንቹን አለፍኩባቸው፣ ከኋላ ያለው ብቻ ሩብ ዙር ተቀበለ፣ ሌሎቹ አልተነቃነቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ጭኜ ከመጣሁ በኋላ እንደገና አያለሁ።